ስለቱና ማጠፊያው

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቁመቴ የእናቴን ትከሻ አልፎ፣ የበረንዳችንን ዝገት የበላው ብረት ተደግፌ፣ ሳልንጠራራ መንገዱን ማየት የቻልኩበት ዓመት ስለሆነ አልረሳውም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ከሁለት ወር በፊት ልጄ በፖስታ የመጣላትን ጥቅል የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ቀደደችው። እዚህ እስራኤል ወንዱም ሴቷም አሥራ ስምንት ሲሞላቸው ወደ ጻቫ፣ ወደ ሠራዊቱ፣ ይገባሉ። እሷም ጥቂት ወራት ነው የቀራት፤ ጓደኞቿ የሚይዙትን በስልኳ አዝዛለች። ከላስቲኩ ውስጥ ተጣጥፎ መዳፍ የሚሞላ ብረት ወጣ። ሲዘረጉት ፒንሳ ነው፤ ከፒንሳው እጀታ ደግሞ ካራው፣ ካቻቢቴው፣ መጋዙ፣ ቆርቆሮ መክፈቻው አንድ በአንድ ይወጣሉ። አብሮት የቀጭን ማሽን ዘይት ሽታ መጣ፣ ከአዲስ ላስቲክ ሽታ ጋር የተደባለቀ። ልጄ ካራውን ከፈተችና መልሳ አጠፈችው። ቀጭ አለ። ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ።

«ኦሪጅናል አይደለም፣ አስመስለው የሠሩት ነው» አለችኝ። «ግን ጥሩ ነው አይደል እማ?»

«ካራውን እንዳትስዪው» አልኳት።

ሳቀችብኝ። «የማይቆርጥ ካራ ምን ያደርግልኛል?»

መልሱ ረጅም ስለሆነ ያኔ አልነገርኳትም። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ አሽዶድ፣ ሮቫ ጊሜል በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ አሮጌ የመንግሥት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ብረት የተባለ ሁሉ በጊዜው ያለቅሳል፤ የመስኮቱ ማጠፊያ፣ የደረጃው መደገፊያ፣ የፖስታ ሣጥኖቹ፣ ሁሉም ቡናማ እንባ ነበራቸው። ዝናብ ሲዘንብ ደረጃው በሙሉ ዝገት ዝገት ይሸታል። ያ ሽታ ደም ደም እንደሚል ያወቅኩት በኋላ ነው።

አባቴ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ብረት ከሚቆርጡበት ፋብሪካ ወለል ይጠርጉ ነበር። የሚጠርጉት የብረት ፍቅፋቂ ነው። ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸው ሥር የተሰካው የብረት ክር በር ላይ ያብለጨልጫል፤ እናቴ ጫማውን አስወልቃ ውጭ ታራግፈዋለች። ይህን የምላችሁ አባቴ ከዚያ በፊት ምን እንደነበሩ እንድታውቁልኝ ነው። ጎንደር ገጠር ውስጥ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ አባታቸውም፣ የአባታቸውም አባት። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ለአካባቢው ሁሉ የሚሠሩት የእኛ ሰዎች፣ አይሁዶቹ፣ ነበሩ። ጠዋት ማረሻ አሠርቶ አመስግኖ የሚሄደው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ የቀጥቃጭ ዓይን ይበላል እያለ ልጆቹን ይደብቃል። ይህን ጥለው፣ ታላቅ ወንድሜን በጀርባቸው አዝለው፣ በሱዳን በኩል ወጡ። ወናፉንም መዶሻውንም እዚያው ተዉት። እኔ እዚህ ተወለድኩ።

ረቡዕ ረቡዕ ባሕሩ ዳር ገበያ ይቆማል። አንድ ሩሲያዊ ሻጭ ምንጣፍ ላይ የዕቃ መአት ያፈስሳል፤ የእጅ ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ሰዓት፣ እነዚያም ተጣጣፊ ብረቶች። አባቴ ብረት ሲገዙ ዓይናቸውን አያምኑም። አንዱን አነሡና በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት። ከዚያ ጥርሳቸው ላይ ቀጭ አድርገው ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ማዳመጣቸው ነው።

«ሰውዬ፣ አይበላም!» አለ ሻጩ በዕብራይስጥ።

«ምን ይላል?» አሉኝ አባቴ።

«አይበላም ይላል፣ አባ።»

«ጨው የለውም በይው።»

ተረጎምኩለት። ሻጩ እስኪያስለው ሳቀና ሌላ አንድ ጨመረላቸው።

ስለዚያ ዕቃ ክፉውን ብቻ ካወራሁ እበድለዋለሁ። ቢጠፋ አያስለቅስም፤ ቢሰረቅም የሰረቀው ነው የሚከፋው። ቆርቆሮ መክፈቻው ዛሬ ወጥ ቤቴ ካለው ይሻላል። ፒንሳው ለስስ ሽቦ ጎበዝ ነው። ኪስ ውስጥ ሲቀመጥ ሰውየውን ባለሙያ ያስመስለዋል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ሌላው ግን ጉድ ነበር። ካቻቢቴው ጠበቅ ያለ ብሎን ሲያጋጥመው እንደ ሊጥ ይጠማዘዛል። መቀሱ ከተከፈተ አይዘጋም፣ ከተዘጋ አይከፈትም። ፒንሳው ከበድ ያለ ነገር ሲያስነክሱት ያን ይለቅና የባለቤቱን መዳፍ ይነክሳል። ካራው ዳቦ ላይ እንኳ ፍርፋሪ ያበዛል እንጂ አይቆርጥም፤ ጫን ካሉት ደግሞ የሚቆልፈው ስስ ቆርቆሮ ይለቅና ስለቱ ተመልሶ ጣት ላይ ይታጠፋል። እኔን ራሴን ስንት ጊዜ ቆንጥጦኛል። ቀላ ይልና ይተወኛል።

አባቴ ሁሉ-አውቅ አሉት። «ሁሉን አውቃለሁ ይላል፣ ስትይዢው አንዱንም የለበትም» ይሉ ነበር። ግን ወደዱት። ሦስቱን ይፈቱና ከአንዱ ሞላውን፣ ከሌላው ካቻቢቴውን፣ ከሌላው ፒንሳውን አውጥተው አንድ ደኅና ይሠራሉ። ከዚያ ወዲህ ሕንጻው ሁሉ ወደ እኛ መጣ። ከታች ያለችው ሞሮኳዊት ጎረቤታችን የመስኮቷ ትሪስ፣ ያ የሚጠቀለለው መዝጊያ፣ በተጣበቀ ቁጥር ደረጃው መሐል ቆማ ትጮሃለች፦

«አባ! ዛሬም ሞተብኝ!»

«መጣሁ፣ አትቅበሪው!» ይሏታል በተሰባበረው ዕብራይስጣቸው። ሁሉ-አውቅን ከቀበቷቸው ይመዙና ይወርዳሉ። እኔ ከኋላ ብሎኖቹን በመዳፌ ይዤ። በዚያ ደረጃ ላይ አባቴን ጠራጊ የሚል ሰው አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ያኔ ወታደር ነበር። ተዋጊ ክፍል ገብቶ ሥልጠና ላይ ነው፤ ለሰንበት ሲመጣ ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ እንደ ሞተ ሰው ይተኛል። አንድ ሐሙስ መጣና ሳይተኛ ወጥ ቤት ተቀመጠ።

«አባ፣ ኦሪጅናሉን መግዛት አለብኝ» አለ።

አባቴ ከቀበቷቸው የራሳቸውን ፈትተው ፊቱ አኖሩለት። ወንድሜ አልነካውም።

«ይኼ የገበያ ነው። ይስቁብኛል።»

«ማን ነው የሚስቀው?»

«ሁሉም። የሁሉም አባት ኦሪጅናል ገዝቶለታል። አባትህ ምን ይሠራል ሲሉኝ ፋብሪካ እላለሁ። ፋብሪካው ውስጥ ምን ይሠራል ሲሉኝ…»

«አፍህን ዝጋ!» አለች እናቴ ከምድጃው ዘወር ብላ።

«ተይው» አሉ አባቴ። ካራውን በአውራ ጣታቸው አውጥተው በብርሃኑ አዩት። «እኔ እሠራልሃለሁ። እሑድ ስትሄድ ይዘኸው ትሄዳለህ። በእነሱ ይሳቃል እንጂ ባንተ አይሳቅም።»

ወንድሜ ትከሻውን ሰበቀ። ልጅም ብሆን ገባኝ፤ ያ ካራ ካልሆነላቸው አባቴ በወንድሜ ዓይን ዕድሜ ልካቸውን ጠራጊ ሆነው ይቀራሉ። አባቴም ይህን ያውቁ ነበር፤ ያን ሌሊት አልተኙም፣ ዓርብ ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

የእኔም ነገር የመጣው በዚያው ዓርብ ጠዋት ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ልብሴ ላይ ደም አየሁ። የመጀመሪያዬ ነበር። ልብሱን አጥቤ ጥግ ላይ ሰቀልኩት።

ስለዚህ ነገር እናቴ አስቀድማ ነግራኝ ነበር። አገር ቤት ሳሉ የእኛ ሴቶች በእነዚያ ቀናት ከመንደሩ ዳር ለብቻዋ የተሠራች ጎጆ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አያበስሉም፣ ሰው አይነኩም፣ ምግባቸው ከድንጋዩ አጥር ወዲያ ይቀመጥላቸዋል። አሽዶድ ውስጥ ጎጆ የለም። እናቴ ግን ለብቻ ፍራሽ ነበራት፣ ለብቻ ሳሕን፣ ለብቻ ኩባያ። ካየሽ ወዲያው ንገሪኝ ብላኛለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፦ በዚያ ወቅቷ ያለች ሴት የቀጥቃጭ እሳት አጠገብ አትደርስም። አባቴ ራሳቸው ነበሩ የሚሉት። «ብረት ያኮርፋል» ይሉ ነበር። «ያኮረፈ ብረት ፊት ለፊት አያሳይሽም። ስቆ ይሄድና የያዘውን ሰው ይከዳዋል።»

ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ግን አባቴ በረንዳው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

«ነይ፣ ዛሬ ወናፍ የምትነፊልኝ አንቺ ነሽ።»

ወንድሜ ተኝቷል። አባቴ ብረት ሲሠሩ ሴት ልጅ አጠገባቸው ቆማ አታውቅም፤ እናታቸውም፣ እኅታቸውም፣ ሚስታቸውም። እኔን ጠሩኝ። ልብሴ ውስጥ ጨርቅ አጥፌ ሄድኩ።

ሥጋ የምንጠብስበት ማንጋል ላይ ከሰሉ ተቀጣጥሏል። ወናፉ የጎረቤታችን የፀጉር ማድረቂያ ነበር። አትሳቁ፤ የምር ወናፍ ነው። እኔ እነፋለሁ፣ ከሰሉ ይጮሃል፣ ከመሐሉ ቀይ ብርሃን ይተነፍሳል። አባቴ የካራውን ማጠፊያ ሚስማር በጥንቃቄ መትተው አውጥተው ስለቱን ለብቻ ነጥለውታል። በረጅም ጉጠት ይዘው እሳቱ ውስጥ አስገቡት።

«አትቸኩይ። ብረት ሲቸኩሉበት ያውቃል።»

ሲቀላ ከእሳቱ አወጡት። እኔ በሁለት እጄ ዘይት ያለበት የሸክላ ሳሕን ይዣለሁ። ዘይቱ ጠርዙ ድረስ ይወዛወዛል። ስለቱ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ፍሽሽ አለ፣ ሰማያዊ ጭስ ፊቴን መታኝ። አሁን ያኮርፋል አልኩ በልቤ። አሁን አወቀብኝ። ሳሕኑን ጥዬ ልሮጥ ፈልጌ ነበር፣ አልሮጥኩም።

አባቴ በሸካራ ወረቀት አጸዱት፣ እንደገና በስሱ አሞቁት። ቀለሙ ከነጭ ወደ ገለባ ሲመጣ «እያት፣ እያት፣ አሁን ናት!» አሉና ነከሩት። ከዚያ ጥርሳቸው ላይ መቱት። ድምፁ ቀጭን፣ ረጅም ሆኖ በረንዳው ላይ ቆየ። አባቴ እንዲያ ፈገግ ሲሉ አይቼ አላውቅም። ከክንዳቸው ላይ ፀጉር ላጩበት፤ ቆዳቸው ላይ ባዶ ጎዳና ቀረ።

«አላኮረፈም?» አልኩ። አፌ አመለጠኝ።

«ማን?»

«ብረቱ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አላኮረፈም» አሉ።

ቀኑን ሙሉ ስንሠራ ውለን የቀረን ስለቱን ወደ ሰውነቱ መመለስ ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ሕንጻ ጀርባ መውረድ ጀምራለች፤ እናቴ ከውስጥ «ሰንበት ገባ፣ እሳቱን አጥፉ!» ትላለች። አባቴ የቀድሞውን ሚስማር አንሥተው በጣታቸው አገላበጡት፣ ያን የሚቆልፈውን ስስ ቆርቆሮም ጫን ጫን አደረጉት። «ይኼ እንኳ…» አሉና ተዉት። ሚስማሩን መልሰው መቱበት። ከሰሉ ላይ አሸዋ ደፋን።

እሑድ ጠዋት ወንድሜ ተቀበላቸው። አባቴ ወረቀት ስለቱ ላይ አሳርፈው ሲለቁት ለሁለት ተከፈለ። «ቶዳ፣ አባ» ብሎ አመሰገነ፣ ኪሱ ከተተው፣ ሄደ። በረንዳው ላይ ቆሜ አውቶቡስ እስኪገባ አየሁት። ሁለት ጊዜ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቀን የእግሩን ኮቴ ደረጃው ላይ ሰማሁ። ማክሰኞ አይመጣም። የሚረግጠውም እንደ ወትሮው ሁለት ሁለት ደረጃ አልነበረም፣ አንድ በአንድ ነው። በሩን ስከፍት ቀኝ እጁ እስከ ክንዱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

ስለቱ ተመልሶ ታጥፎበት ነበር። የሌባ ጣቱን ጅማት እስከ አጥንቱ ድረስ ቆርጦታል። ሐኪሞቹ ሰፍተውታል፣ ጣቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አልታጠፈም። የቀኝ እጅ ሌባ ጣት ማለት ቃታ የሚስብበት ጣት ነው። ፕሮፊሉን፣ የጤና ደረጃውን፣ ዝቅ አደረጉበትና ከተዋጊው ክፍል አውጥተው ብርድ ልብስ የሚያድል ዕቃ ቤት ጠባቂ አደረጉት።

አባቴ ፋሻውን እያዩ «ምን እየቆረጥክ ነበር?» አሉት።

«ምንም።»

«ልጄ፣ ምን እየቆረጥክ ነበር?»

«ምንም አልኩ እኮ!»

አባቴ ያን ካራ ከቦርሳው አውጥተው ከፈቱት፣ አጠፉት። ቀጭ። አንድ ጊዜ ደገሙት። ጃኬታቸውን ለበሱና ወጡ፤ የት እንደሄዱ አናውቅም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሁሉ-አውቅ የሚባል አልታየም። ጎረቤታችን «አባ! ሞተብኝ!» ብላ ስትጠራ እናቴ ወጥታ አሞታል ትላታለች። ትሪሷ ክረምቱን ሙሉ ግማሽ ድረስ ወርዶ ቀረ፤ ሴትየዋ በቀን መብራት እያበራች ኖረች።

እኔ ደግሞ አወቅኩ። የወንድሜን ጣት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ብረቱ አባቴ ፊት ስቆ ወጣ፣ እንዳሉት ሄዶ የያዘውን ከዳው።

በየወሩ ጊዜው ሲደርስ ያ ፍሽሽ ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል። በእነዚያ ቀናት ወንድሜ የሚበላበትን ሹካ አልነካም ነበር፤ ምክንያት ፈጥሬ ከቤት እወጣለሁ። እናቴ አዲስ ፍራሽ ሳትገዛልኝ እኔው ራሴ መሬት ተኛሁ። ወንድሜ ኩባያ ሲያነሣ ያ ጣት ቀጥ ብሎ ወደ እኔ ያመለክታል። ሌላ ሰው ጣቱ ደረቀ ይላል፤ እኔ ግን የሚጠቁመኝ ይመስለኝ ነበር። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጄን ስታቀፍ እንኳ እጄን አይ ነበር። መጻሕፍት አነባለሁ፤ ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ራሴን አስተምሬያለሁ፣ ብረት እንደማያኮርፍ አውቃለሁ። ማወቁ ምንም አልረዳኝም።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከእኔ ጋር ናቸው። ልጄ ያን ጥቅል የከፈተች ቀን፣ መስኮቱን ከፍቼ ስመለስ ከጓዳው ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ያን ካራ ማን ነው የሚዘጋው?»

ልጄ ይዛው ወደ ጓደኞቿ ወጣች። እኔ ገብቼ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የከሰዓት ፀሐይ ብርድ ልብሳቸው ላይ ነበር። እጃቸው ብርሃኑ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«አባ» አልኩ፣ «ያን ዓርብ ሳሕኑን ስይዝልዎ ንጹሕ አልነበርኩም።»

አልሰሙኝም ብዬ ልደግመው ስል፦

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«እናትሽ ጠዋት ነግራኛለች። የታጠበውን ልብስ አየች።»

«ታዲያ ለምን አላባረሩኝም?»

«አገር ቤት ስንት ዓመት ሰው ዓይናችንን ሲፈራ ኖረ» አሉ። «በየሄድንበት አትቅረቡ ተባልን። እኔ ደግሞ የገዛ ልጄን ከእሳቴ አትቅረቢ ልበል? በፀጉር ማድረቂያ የሚነፋ እሳት ነው እንግዲህ። ትቅረብ አልኩ። አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር።»

ከዚያ ልክ ሞያቸውን እንደሚያስረዱ ሆኑ፤ ጣታቸውን ጣታቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ።

«ያ ዕቃ ሲሠራ ስለቱም ዱልዱም፣ ማጠፊያውም ልል ነው። ስለዚህ ይስማማሉ። ማጠፊያው ሲለቅ ስለቱ ጣትሽን ቆንጥጦ ይለቅሻል። እኔ ስለቱን ምላጭ አደረግኩት፣ ማጠፊያውን የእነሱን ተውኩት። ሚስማሩ ልል መሆኑን በእጄ አውቄዋለሁ። ሰንበት ገባ ብዬ፣ ልጄ ሳያፍርብኝ ይሂድ ብዬ ቸኮልኩ። ባልነካው ኖሮ ጣቱ ዛሬ ይታጠፍ ነበር። ጣቱን የቆረጠው የእኔ ሥራ ነው።»

አዩኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት አንቺም ይዘሽው ነበር?»

«አዎ፣ አባ።»

«ምነው ብትጠይቂኝ፣ እናቴ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወጥቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። በጀልባዎቹ ማረፊያ፣ ማሪናው ላይ፣ ጥበቃ ነው የሚሠራው፤ ከኋላው የጀልባ ገመድ ከምሰሶ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኩት፣ የእኔንም የአባቴንም።

«ስሚ» አለ፣ «ምንም ያልኩት ውሸቴን ነው። ልጆቹ ኦሪጅናላቸውን አውጥተው ያንተ የገበያ ነው አሉኝ። አባቴ ቀጥቃጭ ነው፣ በእጁ የሠራው ነው አልኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ሞልቼ ያልኩት ያን ቀን ነው። ወፍራም የድንኳን ገመድ አመጡ። የእነሱ ሲፈገፍግ ሲፈገፍግ ቆየ። የእኔ በአንድ ስበት ለሁለት አደረገው። እንደገና አሳየን አሉኝ፣ ካራውን ገልብጬ ከታች ወደ ላይ ስስበው ማጠፊያው ለቀቀ።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«በእሳቸው ስኮራ ተቆረጥኩ ልበላቸው? እንዴት አድርጎ ያስተኛቸዋል?»

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ ከሥራው ቀጥታ መጣ። አባቴ አልጋ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ የገመዱን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራቸው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት።

«ገመዱ ምን ያህላል?» አሉ።

ወንድሜ አውራ ጣቱን አሳያቸው።

«በአንድ ስበት?»

«በአንድ ስበት፣ አባ።»

አባቴ ያን አውራ ጣት በእጃቸው ጨብጠው ለኩት።

ወንድሜ ከኪሱ ጥፍር መቁረጫ አወጣና በእጃቸው አስያዛቸው። ቀኝ እጁን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ፣ «ለሰንበት ይቁረጡልኝ፣ በግራዬ አልችልበትም» አላቸው። አባቴ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ጥፍር ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ወንድሜ እጁን አላንቀሳቀሰም። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ይመጣል፤ ጥፍሩ አድጎም ሆነ ሳያድግ ያን የማይታጠፈውን ጣት አስቀድሞ ይሰጣቸዋል።